መብት የሚነካበት ግሥ

በቢታ ገነት ከተማ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ማመልከቻ ተቀብሎ፥ አንብቦና መዝግቦ ወደሚመለከተው ክፍል መምራት ሥራችን ከሆነ ብዙ ዓመት አልፏል። ሥራው ላላወቀው ቀላል ይመስላል፤ ማኅተምና መዝገብ፥ ቁጥርና ቀን ነው። ነገር ግን በየቀኑ በጠረጴዛችን ላይ ከሚያልፈው ወረቀት መካከል «መብቴ» የሚለው ቃል የሌለበት እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ፥ ከዚህ ቃል ቀጥሎ የሚመጣውን ግሥ መመልከት ልማድ ሆኖብናል። አንዱ «መብቴ ተጣሰ» ይላል፤ ሌላው «ተገፈፈ»፥ ሌላው «ተነፈገ»፥ ሌላው «ተነካ» ይላል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሁሉንም በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሰብስቦ እንደ ሠርገኛ ያሰልፋቸዋል። ግሥ ባበዛ መጠን በደሉ የሚከብድለት ይመስለዋል። አንባቢው ሹም ግን አምስቱን ግሥ አንብቦ አንድም የሚጨበጥ ነገር ሳያገኝ ገጹን ይገለብጣል።

እኛ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በላይ ያልዘለቅን ስለ ሆነ የሕግ ዐዋቂ ነን አንልም፤ የቋንቋ ሊቅነትም የለንም። ይሁን እንጂ እነዚህ ግሦች አንዱ በሌላው ቦታ ሊቆሙ የማይችሉ መሆናቸውን፥ የቆሙም እንደ ሆነ ባለጉዳዩን እንደሚጎዱት በሥራችን ላይ አይተናል። ስለዚህ ያየነውን ለመምህራንና ለተማሪዎች፥ ይልቁንም እንደ እኛው ብዕርና ማኅተም ይዘው ለሚውሉ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቻችን ለማካፈል ወደድን።

አገራችን ከፋ ነው። ከኅዳር ወር 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ዞናችን የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል አካል ሆኗል፤ የክልሉም የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። ባለጉዳዩ ግን አብዛኛውን ጊዜ በደሉን የሚያስበውና የሚናገረው በካፊ ኖኖ ነው። «ኖኖ» ማለት አፍ ማለት ነው፤ አማርኛም «አፍ መፍቻ ቋንቋ» የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም። ባለጉዳዩ በአፉ የተናገረውን፥ ከመሥሪያ ቤቱ በር አጠገብ በላስቲክ ዳስ ሥር ከዝናብ ተጠልሎ የተቀመጠው ራፖር ጸሐፊ በአማርኛ ይጽፈዋል፤ የጻፈውንም ሹሙ ያነበዋል። ነገሩ ከአፍ ወደ ብዕር፥ ከብዕር ወደ ዓይን እስኪደርስ ድረስ ስሙና ቦታው አይለወጥም፤ የሚለወጠው ግሡ ነው። ራፖር ጸሐፊው ደግሞ የሚከፈለው በገጽ እንጂ በግሥ ትክክለኛነት ስላልሆነ፥ የሚመርጠው ለጆሮ የሚከብደውን ነው።

«መብት» የሚለው ቃል ራሱ ከየት መጣ? ሊቃውንት ከግእዙ «አብሐ»፥ ማለት ፈቀደ፥ አሠለጠነ ከሚለው ግሥ ጋራ ያገናኙታል። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዝ መዝገበ ቃላት በ1948 ዓ.ም.፥ የደስታ ተክለ ወልድም የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. ታትመው የወጡ ስለ ሆነ፥ እነዚህን መጻሕፍት ለማግኘት የታደለ ሰው ቃሉን ከነዘመዶቹ ሊመለከተው ይችላል። እንግዲህ መብት በመሠረቱ ፈቃድ፥ ሥልጣን ማለት ነበር። ፈቃድ ደግሞ ፈቃጅ አለው። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱ በፈቃዳቸው ለሕዝባቸው የሰጡት ተብሎ የተነገረ ስለ ነበረ፥ በዚያ ዘመን የመብትና የፈቃድ ዝምድና ለማንም አልተሰወረም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ግን በዐሥረኛው አንቀጽ ሰብአዊ መብት ከሰው ልጅ ተፈጥሮ የሚመነጭ መሆኑን ሲያውጅ፥ ቃሉን ሳይለውጥ ፈቃጁን ከውስጡ አወጣው። ይህ በቋንቋችን ታሪክ ውስጥ ትልቅ ነገር ይመስለናል፤ ሆኖም የሚገባውን ያህል ሲነገርለት አልሰማንም። ቃሉ ያው ነው፤ ግን ከዚህ በኋላ አብሮት ሊሄድ የሚችለው ግሥ ያው ሊሆን አይችልም።

ያው ዐሥረኛው አንቀጽ እነዚህ መብቶች «የማይጣሱና የማይገፈፉ» ናቸው ይላል። አንዳንድ ሰው ይህን ሲያነብ ሁለቱ ግሦች ለማሣመር የተደረቡ ይመስሉታል። አይደሉም። ከበሬ እንጀምር። በሬ አጥር ጥሶ ወደ እንሰት ጓሮ ገባ እንላለን። በሬው ገብቶ እንሰቱን ረገጠው እንጂ ጓሮው የበሬው አልሆነም፤ አጥሩም ቢሆን ይታጠራል፤ የበሬውም ባለቤት ካሣ ይከፍላል። እንዲሁም የተጣሰ መብት ከባለቤቱ እጅ አልወጣም፤ በአጥሩ በኩል ተገብቶበታል እንጂ። (የቀድሞው የከፋ መንግሥት፥ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ እስከ ተማረኩበት እስከ እ.ኤ.አ. 1897 ድረስ፥ አገሩን በጥልቅ ቦይና በበር ያጠረ ስለ ነበረ፥ የከፋ ሰው «ጣሰ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ከማንም በላይ ቦዩ በዓይኑ ላይ መምጣት ይገባው ነበር።) «ገፈፈ» ግን ሌላ ነው። ቆዳ ይገፈፋል፤ ልብስ ይገፈፋል፤ ማዕረግ ይገፈፋል። የተገፈፈ ቆዳ ወደ በሬው አይመለስም። የተገፈፈ ሰው የነበረው ነገር አሁን የለውም።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ይከተላል። መብትን ማሳጣት አንዳንድ ጊዜ ሕጋዊ ሊሆን ይችላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ፥ ፍርድ ቤት ጥፋተኛውን እንደ መምረጥና እንደ መመረጥ ካሉት መብቶች ሊሽረው እንደሚችል ይደነግጋል። መብትን መገደብም እንዲሁ በሕግ የሚፈቀድበት ጊዜ አለ፤ የተገደበ ወንዝ ውኃው ከግድቡ በስተኋላ እንዳለ ሁሉ፥ የተገደበ መብትም ባለበት ይኖራል። ሕጋዊ መጣስ የሚባል ነገር ግን ከቶ የለም። ስለዚህ አንድ ሰው በሕግ የተወሰነበትን ገደብ «መብቴ ተጣሰ» ብሎ ቢጽፍ ሹሙ ሕጉን ጠቅሶ በአንድ መስመር ይመልሰዋል፤ በሕገ ወጥ መንገድ የተገባበትን መብት «ተገደበብኝ» ብሎ የጻፈ ደግሞ ለበዳዩ የሕግ ካባ አልብሶ ሰጠው ማለት ነው። ሁለቱንም ዓይነት ማመልከቻ አይተናል።

ከሁሉ የከፋው ግን «ተላለፈ» ነው።

ሕግን ተላለፈ፥ ትእዛዝን ተላለፈ ማለት ጥሩ አማርኛ ነው። በዚህም የተነሣ አንዳንድ ራፖር ጸሐፊ «ሕጌን ተላለፈ» እንደሚባል ሁሉ «መብቴን ተላለፈ» የሚባል ይመስለዋል፤ ቀጥሎም ወደ ተገብሮ ይለውጠውና «መብቴ ተላልፏል» ብሎ ይጽፋል። «መብቴ ተላልፏል» ማለት ግን መብቴ ወደ ሌላ ሰው ሄዷል፥ በስጦታ ወይም በውርስ ለሌላ ተሰጥቷል ማለት ነው። በገጠር መሬት ጉዳይ ይህ ቃል የታወቀና የተወሰነ ትርጉም ያለው የሥራ ቃል ነው።

አንዲት ባሏ የሞተባቸው እናት፥ ከጎረቤታቸው ጋራ የድንበር ጠብ ነበራቸው። ጎረቤታቸው በየዓመቱ ሲያርስ ጥቂት ፈር ወደ እሳቸው ማሳ ይጨምራል። እኛ ባልሠራንበት በአንድ መሥሪያ ቤት ያቀረቡት ማመልከቻ «የይዞታ መብቴ በጎረቤቴ በኩል ተላልፏል» የሚል ነበር። ወረቀቱን የተቀበለው ሰው «ተላልፏል» የሚለውን አይቶ የይዞታ ማስተላለፍ ወደሚመዘገብበት ክፍል መራው። በዚያም የስጦታው ውል የት አለ ተብሎ ተጠየቀ፤ ውል ስላልነበረ ወረቀቱ ከመዝገብ መካከል ተኛ። ጎረቤቲቱም ነገሩን ሰምቶ ኖሮ በሰጠው የጽሑፍ መልስ «አመልካቿ መብታቸው ለእኔ መተላለፉን በራሳቸው ማመልከቻ አምነዋል» አለ። እናቲቱ አማርኛ መስማት እንጂ ማንበብ አይችሉም፤ ይህ ሁሉ ሲሆን በየወሩ መንገዱን እየተመላለሱ «ቀን ይቆጠራል» የሚባለውን ብቻ ይሰሙ ነበር።

ወረቀቱን ይዘው ወደ እኛ የመጡት ድንበሩ ከተገፋ ከዓመት ከሰባት ወር በኋላ ነው። ይህ ቁጥር ለምን እንዳስደነገጠን እናስረዳ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1149 ላይ፥ ይዞታው የተወሰደበት ወይም ሁከት የተነሣበት ሰው የተወሰደው እንዲመለስለት ወይም ሁከቱ እንዲወገድለት መክሰስ እንደሚችል ይደነግጋል፤ ነገር ግን ይህን ክስ በሁለት ዓመት ውስጥ ካላቀረበ መብቱ ይቀርበታል። እንግዲህ አንድ የተሳሳተ ግሥ ከሁለቱ ዓመት ዓመት ከሰባት ወሩን በልቶት ነበር፤ የቀረው አምስት ወር ነው።

«እናቴ፥ ጎረቤትዎ መሬቱን ወሰደው ወይስ ገፋው?» ብለን ጠየቅናቸው፤ በካፊ ኖኖ ነው የተነጋገርነው። ጥቂት አሰቡና «ያርሰዋል፤ እኔም ግን አልወጣሁለትም። እሱ ጠዋት ያርሳል፥ እኔ ከሰዓት በኋላ ድንጋዩን እመልሳለሁ» አሉን። ከዚህ የተሻለ የሁከት ትርጓሜ የሕግ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል ብለን አናምንም። ስለዚህ «ድንበሬን እየገፋ በይዞታዬ ላይ ሁከት ስለ ፈጠረብኝ ሁከቱ ይወገድልኝ» ተብሎ በሕግ ዐዋቂ እንዲጻፍላቸው ወደሚመለከተው ሰው መራናቸው። ጊዜው ሳያልፍ ክሱ ቀረበ፤ አዋሳኞቹ ገበሬዎችም ተጠይቀው መሰከሩ፤ ተወሰነላቸው። የውሳኔውን ግልባጭ ሊያሳዩን በመጡ ቀን አንድ ቅል ሙሉ ነጭ ማር ይዘው ነበር። የመንግሥት ሠራተኛ ስጦታ አይቀበልም ብለን መለስነው፤ የከፋን ማር የሚያውቅ አንባቢ ይህ ቃል ከአፋችን እንዴት እንደ ወጣ ይገምት።

«ገፋ» ብለን ያለፍነው ግሥም መታሰብ ይገባዋል። የግእዙ «ገፍዐ» መግፋትም መበደልም ነበር፤ «ግፍ» የሚለው ቃላችን የወጣውም ከዚያው ነው። አባቶቻችን በደልን ሲያስቡ አስቀድሞ የታያቸው ጎራዴ አይደለም፤ በክንድ ትንሽ ትንሽ እየገፋ የሰውን ቦታ የሚይዝ ሰው ነው። «ግፍ» ዛሬ የደም ሽታ ያለው ቃል ሆኗል፤ ሲወለድ ግን የድንበር ቃል ነበር ብንል ብዙ የምንሳሳት አይመስለንም።

ይህን አሳብ ያጠናከረልን ሳንጠብቀው የመጣ ሰው ነው። በአዲስ አበባ የቻይንኛ ቋንቋ የተማረ አንድ የአገራችን ልጅ፥ ዘመዶቹን ሊጠይቅ በመጣ ጊዜ የልደት ምስክር ወረቀት ጉዳይ ነበረውና ከቢሯችን ተቀምጦ ሲጠብቅ ስለ እነዚህ ግሦች ከጓዶቻችን ጋራ ስንከራከር ሰማን። «ጋሼ፥ ይህ ነገር እኔንም አስደብድቦኝ ነበር» አለና ደብተሩን ከቦርሳው አወጣ። (መደብደቡ በቀይ ቀለም ነው።) መምህሩ «ሕግን ጣሰ» የሚለውን እንዲጽፍ አዞት፥ እሱ ለመብት የሚነገረውን «ቺንፋን» የሚባለውን ግሥ ጽፎ ኖሮ ተሰርዞበታል። በቻይንኛ ሕግን የሚጥስ «ዌይፋን» ይባላል፤ የሰውን መብት የሚጥስ ደግሞ «ቺንፋን»። የሁለቱም መጨረሻ ለእኛ ጆሮ ያው «ፋን» ነው፤ ነገር ግን በዜማ ይለያያሉ፥ በጽሑፍም ፊደላቸው ፈጽሞ ሌላ ነው። ይህ ሊያስገርመን አይገባም፤ እኛስ «ሰአለ» ብለን በእሳቱ ሰ ስንጽፍ ለመነ፥ «ሠዐለ» ብለን በንጉሡ ሠ ስንጽፍ ሥዕል አወጣ ማለታችን አይደለምን? «ዓመት» የዘመን ቍጥር፥ «አመት» ግን በግእዝ ገረድ ናት። ፊደሎቻችን ሞክሼ ናቸውና ይቀነሱ የሚሉ ወገኖች ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው፤ ነገሩ ግን ሌላ ጊዜ ይፈልጋል።

«ቺንፋን» ከሁለት ፊደል የተሠራ ነው። የፊተኛው ፊደል ጥንታዊ ትርጓሜ ከሁሉ ይልቅ ደስ አሰኘን፤ ሰው በእጁ መጥረጊያ ይዞ ጥቂት በጥቂት እየጠረገ ወደ ፊት ሲሄድ የሚያሳይ ነው ይላሉ። እንግዲህ የቻይናው ሊቅ በመጥረጊያ፥ የእኛ ገበሬ በማረሻ ያዩት ነገር አንድ ነው፤ መብት የሚጠፋው በአንድ ቀን አይደለም፤ በፈር በፈር ነው። የኋለኛው ፊደል በጎኑ የውሻ ምልክት አለበት፤ ነክሶ የማይገባበትን መዳፈርን ያመለክታል። ይህ ግሥ በራስ ነገር ላይ አይነገርም፤ የሚነገረው የሌላ በሆነው ላይ ብቻ ነው፤ ያውም በወግ ባለው ጽሑፍ ላይ እንጂ በገበያ ንግግር ላይ ብዙ አይሰማም። የሰው መብት፥ የአገር ድንበር፥ የአገር ሰማይ፥ የሰው ገመና፥ የሰው ቤት ሁሉ በዚሁ ግሥ ይነካሉ። እ.ኤ.አ. በ1982 የጸደቀው የቻይና ሕገ መንግሥት የዜጋ መኖሪያ ቤት እንደማይነካ የሚናገረው በዚህ ቃል ነው። የሕዝብ ንብረት ደግሞ በዚሁ ሕገ መንግሥት «ቅዱስ» እና የማይነካ ተብሏል፤ እ.ኤ.አ. በ2004 በተደረገው ማሻሻያ የግል ንብረትም የማይነካ ሲባል፥ ግሡ ተሰጠው፤ «ቅዱስ» የሚለው ግን አልተጨመረለትም። ከሹመት ደብዳቤ ላይ «ክቡር» የሚለውን ማስቀረት ምን ማለት እንደ ሆነ የሚያውቅ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ይህን ልዩነት ሳይተረጎምለት ይረዳዋል።

ወጣቱ ሦስተኛ ግሥ ጨመረልን፤ «ቦድዎ» ይባላል። የመጀመሪያው ፊደሉ መላጥ፥ ቆዳ መግፈፍ ማለት ነው! በቻይና የወንጀል ሕግ ፍርድ ቤት በጥፋተኛው ላይ የፖለቲካ መብትን የማሳጣት ቅጣት ሊጨምርበት ይችላል፤ የቅጣቱም ስም የተሠራው በዚህ ግሥ ነው። እንግዲህ ከቢታ ገነት እስከ ቤይጂንግ ድረስ፥ መብትን መጣስና መብትን መግፈፍ ሁለት ነገር መሆኑን ሁለት የማይተዋወቁ ቋንቋዎች ተስማምተውበታል። ይህ እንዲያው ተራ መገጣጠም አይደለም እንላለን፤ እ.ኤ.አ. በ1948 (በእኛ ታኅሣሥ 1 ቀን 1941 ዓ.ም.) በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የሰብአዊ መብት መግለጫ ሲጸድቅ ድምፃቸውን ከሰጡት 48 መንግሥታት መካከል ኢትዮጵያ አንዷ ነበረች፤ ቻይናም ሌላዋ። በመግለጫው ዝግጅት ላይ ከደከሙት አንዱም የኮሚሽኑ ምክትል ሊቀ መንበር የነበሩት ቻይናዊው ቻንግ ፔንግ ቹን ናቸው።

ወጣቱ ልጅ ግን ከዚህ በኋላ አስቸጋሪ ጥያቄ አነሣብን። «ጋሼ፥ ቺንፋን በአማርኛ ‹ጣሰ› ነው ወይስ ‹ደፈረ›?» አለን። ቸኩለን አልመለስንለትም። «ደፈረ» የሚገባባቸውን ቦታዎች ብንቆጥር፥ ድንበር ይደፈራል፤ ችሎት ይደፈራል፤ ሴት ትደፈራለች፤ ቤት ይደፈራል። ይህ ከቻይንኛው ግሥ ጋራ ፈጽሞ ይገጥማል፤ በሴቶች ላይ ለሚደረገው ወንጀልም ቻይንኛው ይህንኑ ቃል ይጠቀማል። ስለዚህ ለተርጓሚ ቅርቡ «ደፈረ» ሳይሆን አይቀርም። ነገር ግን በአማርኛ «ደፈረ» አንድ ሕመም አለበት። ድፍረት ከጀግንነት ጋራ ጎረቤት ነው፤ «ደፋር» ብለን ስንናገር ነቀፋም ሙገሳም ሊሆን ይችላል። ደፈረ ሲባል የሚታየው የአድራጊው ልብ ነው፤ ኀፍረቱ ግን በተደፈረው ላይ ይወድቃል። «ተደፈረች» ሲባል አገር ሁሉ የሚመለከተው ወደ እርሷ ነው፤ ወደ እርሱ አይደለም። «ጣሰ» ይህ የለበትም። አጥሩ ተጥሶበት ያፈረ ገበሬ የለም፤ ይቆጣል እንጂ አያፍርም። ሕግ አውጪዎቹ ለሕገ መንግሥቱ «ጣሰ»ን ሲመርጡ ይህን አስበው እንደ ሆነ ባናውቅም፥ ምርጫቸውን እናመሰግናለን።

ተገብሮ የሚባለውን የግሥ ዓይነት በተመለከተ ብዙ አንልም፤ ሆኖም የመሥሪያ ቤት አማርኛችን በእርሱ ታሞ የተኛ ስለ ሆነ ዝም ብለን ልናልፈው አልቻልንም። «መብት ተጥሷል፤ ስሕተት ተፈጽሟል፤ እርምጃ ይወሰዳል»፤ ማን ጣሰ? ማን ፈጸመ? ማን ይወስዳል? የበዳዩ ስም የሌለበት ማመልከቻ ተመርቶ የሚደርሰው ወደ ማንም ነው፤ ማንም ደግሞ ቢሮ የለውም። አማርኛ ለዚህ መድኃኒት አለው። አድራጊውን በስሙ ጠርቶ «ጣሰብኝ» ማለት ይቻላል፤ በዚያች በአንዲት «ብኝ» ውስጥ ጉዳቱ የማን እንደ ሆነ ተነግሯል። ቻይንኛ ለዚህ ሌላ ቃል መጨመር ያስፈልገዋል ብሎ ወጣቱ ነገረን፤ በዚህ ጊዜ እንኳ ኮራን።

አሁን የቀረን «ነፈገ» ነው፤ ይህን ወደ መጨረሻ ያቆየነው ስለ ከበደን ነው። ንፉግ ማለት ያለውን የማይሰጥ ሰው ነው። ሰማይ ዝናብ ነፈገን እንላለን፤ ዝናቡ የሰማዩ ስለ ሆነ። የሚነፈግ ነገር ሁሉ የነፋጊው ነው። እንግዲህ «መብቴን ነፈገኝ» ያለ ሰው፥ ሳያውቀው፥ መብቴ የእርሱ ነበረ፤ ቢሰጠኝ ደግ ነበር ማለቱ ነው። መብት ፈቃድ በነበረበት ዘመን ይህ ትክክለኛ አነጋገር ነበር። ዛሬ ግን ለሰብአዊ መብት ይህን ግሥ መጠቀም የዐሥረኛውን አንቀጽ ተቃራኒ መጻፍ ነው።

በከፋ ማንጆ ተብለው የሚጠሩ ወገኖቻችን አሉ። ከጥንት ጀምሮ በደንና በአደን፥ በከሰልና በማገዶ ኑሯቸውን የመሠረቱ ናቸው። ከእነርሱ ጋራ በአንድ ማዕድ አለመቀመጥ፥ ከቤት አለማስገባት፥ የጠጡበትን ዕቃ መለየት ለብዙ ዘመን የቆየ ልማድ ነው፤ ልማዱ እየላላ መምጣቱ እውነት ቢሆንም አልጠፋም። ይህን በመጽሔት ላይ መጻፍ ለአንዳንድ የአገራችን ሰዎች ደስ አያሰኝ ይሆናል፤ እኛ ግን የቡና አገር ነን ብለን ለዓለም የምንናገር ከሆነ ቡናው በማን ስኒ እንደሚቀዳም መናገር ይገባናል እንላለን።

ከእነዚህ ወገኖቻችን አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው ወረቀት ይዘው መጡ። ገበያ ውለው ዝናብ ሲይዛቸው ከአንድ ቡና ቤት ገብተው ተቀመጡ፤ ባለቤቱ ተነሡ አላቸው። ገንዘባቸውን ቢያሳዩትም ቡናውን ከውጭ ቆመው እንዲጠጡ፥ ያውም ለብቻው በተቀመጠ ቆርቆሮ እንዲጠጡ ነገራቸው። ራፖር ጸሐፊው «ቡና የመጠጣት መብቴን ስለ ነፈገኝ» ብሎ ጽፎላቸዋል። ወረቀቱን ከጎናችን ሆኖ ያየ አንድ ባልደረባችን ሳቀ። «ቡና ነፈገኝ ተብሎ ይከሰሳል እንዴ? ነጋዴ የፈለገውን ይሸጣል፥ ያልፈለገውን አይሸጥም» አለ። ባልደረባችን ክፉ ሰው አይደለም። ያሳቀው ግሡ ነው፤ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የአንድ ስኒ ቡና ልመና እንጂ ሌላ አልነበረምና።

«አባባ፥ የተከፉት ቡናውን ስላላገኙ ነውን?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ቡናውንስ ከቤቴም እጠጣለሁ» አሉ።

ከዚያ በኋላ የምንጠይቃቸው አልነበረንም። ሕገ መንግሥቱ በ24ኛው አንቀጽ ስለ ሰው ክብር፥ በ25ኛውም ስለ እኩልነት ይናገራል። ወረቀቱን እንደገና ለማስጻፍ ገንዘብ ስላልነበራቸው፥ ራፖር ጸሐፊውን ጠርተን «አንተው ያበላሸኸውን አንተው አቅናው» አልነው፤ እሱም ትንሽ አጉረምርሞ ተቀመጠ። የባለ ቡና ቤቱን ስም ከፊት አስቀመጠ፤ «ነፈገኝ» የሚለውን ሰርዞ «ሰው በመሆኔ ያለኝን ክብርና ከሌላው ሰው ጋራ ያለኝን እኩልነት ጥሶብኛል» ብሎ ጻፈ። ቡና የሚለው ቃል በሁለተኛው መስመር፥ ነገሩ የተፈጸመበትን ቦታ ለማመልከት ብቻ ቀረ።

የተጻፈውን በካፊ ኖኖ አነበብንላቸው። አንድ ጊዜ ድገሙልኝ አሉ፤ ደገምንላቸው። ከዚያም የቀኝ አውራ ጣታቸውን በቀለሙ ላይ አድርገው ከስማቸው ሥር ቀስ ብለው አተሙ፤ የገቢ ቁጥር ሰጥተን በዚያው ቀን ወደሚመለከተው ክፍል መራነው።